ሣጥኑና ትውስታው፦ የተተካ የሞተር ኮምፒውተርን እንደገና ፕሮግራም ለማድረግ የሚረዳ መመሪያ

የሞተር ኮምፒውተር፣ በሙያው አጠራር «ኢሲዩ»፣ በሞተሩ ዙሪያ ከተተከሉት ሴንሰሮች የሙቀትን፣ የአየርን፣ የዙር ፍጥነትንና የነዳጅ ፔዳልን መረጃ እየተቀበለ፣ ኢንጀክተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንዲረጭና ቦቢናው በየትኛው ቅጽበት እሳት እንዲሰጥ የሚያዝዝ፣ በአሉሚኒየም ወይም በፕላስቲክ ሣጥን የተሸፈነ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ይህ ሣጥን ሲበላሽ እንደ ካንዴላ ወይም እንደ ዲናሞ ተፈትቶ ሌላው ስለታሰረ ብቻ ሥራ አይጀምርም፤ ምክንያቱም መኪናው የሚያውቀው ሣጥኑን ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ትውስታ ነው። ስለዚህ የመተካቱ ሥራ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው ሣጥኑን መፍታትና ማሰር ሲሆን በአብዛኞቹ መኪኖች አጭር ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግን አዲሱ ሣጥን የዚያን መኪና ሞተር፣ ቁልፍና የሻንሲ ቁጥር እንዲያውቅ ማድረግ ነውና፣ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ትልቁ ጥፋት የሚደርሰውም በዚህኛው ላይ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቆሼ ከ50 ዓመታት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ፣ ስሙንም ከዚያው የወሰደ ቦታ ነው። ከተማው ዋጋ የለውም ብሎ ከጣለው ክምር ውስጥ ብረቱን፣ ሽቦውን፣ ፕላስቲኩንና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃውን ለይተው በማውጣት ኑሯቸውን የመሠረቱ ሰዎች፣ የተጣለ ሁሉ ከንቱ እንዳልሆነ በሥራቸው ሲያሳዩ ቆይተዋል። ለሞተር ኮምፒውተርም እውነቱ ይኸው ነው፤ የሞተ የሚመስለው አሮጌ ሣጥን በአብዛኛው የተቃጠለበት ክፍል አንድ ሆኖ ሳለ፣ መኪናውን ዳግም ለማስነሳት የሚያስፈልገውን ትውስታ ሳይነካ ይዞት ይገኛል። የዚህ መመሪያ መሠረታዊ ደንብም ከዚህ ይነሣል፦ የአሮጌው ኮምፒውተር ትውስታ ወጥቶ ሳይቀመጥ፣ አዲሱም በመኪናው ላይ ተፈትኖ ሳይረጋገጥ አሮጌው ሣጥን አይጣልም፣ አይሸጥም፣ ለልዋጭም አይሰጥም።

ደንቡ ለኢትዮጵያ ባለ መኪና ተጨማሪ ክብደት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ያሪስና ሃይሉክስ ዕድሜያቸውን የሚያራዝሙት በጥገና ነው፤ ለእነርሱ የሚሆነው ኮምፒውተርም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና ላይ ተፈትቶ እንደመጣ፣ ማለትም የሌላ መኪና ትውስታ እንደተሸከመ ነው።

የትውስታው አራት ክፍሎች

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ መለየት ይገባል፤ ምክንያቱም በጋራዥ «ፕሮግራም ተደረገ» የሚለው አንድ አባባል አራት የተለያዩ ሥራዎችን ሊያመለክት ይችላል።

የመጀመሪያው ክፍል ዋናው ፕሮግራም ነው፤ ይህም ኮምፒውተሩ መረጃ የሚቀበልበትና ትእዛዝ የሚሰጥበት ሥርዓት ሲሆን፣ «ፍላሽ» በሚባል፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይጠፋ ማኅደር ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው ካሊብሬሽን ይባላል፤ ለዚያ የሞተር ዓይነት፣ ለዚያ ካምቢዮና መኪናው ለተሠራበት ገበያ የተዘጋጀ የቁጥር ሠንጠረዥ ሆኖ፣ በምን ያህል ዙርና በምን ያህል አየር ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ ይወስናል። ሦስተኛው የመኪናው መለያ ነው፤ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የቁልፉ ምስጢርና በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የእያንዳንዱ ኢንጀክተር ኮድ የሚቀመጡት በዚህ ሲሆን፣ ማኅደሩ በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ «ኢኢፕሮም» የሚባል ትንሽ ለብቻው የተበየደ ቺፕ፣ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዋናው ፕሮሰሰር አካል ነው። አራተኛው ኮምፒውተሩ በአገልግሎት ዘመኑ የተማረው ልማድ ነው፤ የአየር መግቢያው በር በካርቦን ሲጠብ፣ ኢንጀክተሩ ሲያረጅ፣ ነዳጁ ሲለያይ ኮምፒውተሩ ትንንሽ ማስተካከያዎችን እየመዘገበ ይሄዳል፤ በብዙ መኪኖችም ባትሪ ሲነቀል የሚጠፋው ይህ ክፍል ነው።

አዲስ ከፋብሪካ የመጣ ሣጥን ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ይጎድሉት ይሆናል፤ ከሌላ መኪና የተፈታው ደግሞ አራቱም አሉት፣ ነገር ግን ሁሉም የሌላ መኪና ናቸው። ቀጥሎ የሚዘረዘሩት ደረጃዎች ይህን ጉድለት የሚሞሉና ይህን ባዕድነት የሚያስወግዱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩ በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ

ሞቷል ተብሎ የሚለወጥ ኮምፒውተር ሁሉ የሞተ አይደለም። ቁልፉ ወደ «ኦን» ሲዞር በክሩስኮቱ ላይ የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት ካልበራና ስካነሩም ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር ካቃተው፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ወደ እርሱ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ፊውዙ፣ ዋናው ሪሌና በሻንሲ ላይ የታሰረው የኔጋቲቭ ገመድ በቅድሚያ ይታያሉ፤ የዛገ ወይም የላላ የኔጋቲቭ ማሰሪያ፣ በተለይ ከክረምቱ ዝናብና ጭቃ በኋላ፣ ከኮምፒውተር መቃጠል የማይለይ ምልክት ያሳያል። መለኪያውም ግልጽ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ በባትሪው ኔጋቲቭና በኮምፒውተሩ የኔጋቲቭ መስመር መካከል በቴስተር ሲለካ ልዩነቱ ከ0.1 ቮልት መብለጥ የለበትም።

ቀጥሎ ለሴንሰሮቹ የሚላከው የ5 ቮልት መስመር ይለካል። ይህ መስመር ከጠፋ ሴንሰሮቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ መስመሩን ወደ መሬት የጎተተው ያ ሴንሰር እንጂ ኮምፒውተሩ አልነበረም ማለት ነው። በመጨረሻም ከመሪው በታች ያለው ባለ 16 ጥርስ የስካነር መሰኪያ ይፈተሻል። ይህ «ኦቢዲ ሁለት» የተባለው መሰኪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤንዚን ከ2001፣ ለናፍጣ ከ2004 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነ ሲሆን፣ በ16ኛው ጥርስ ላይ የባትሪ ፖዘቲቭ፣ በ4ኛው ላይ ኔጋቲቭ ሊገኝ ይገባል። በ6ኛውና በ14ኛው ጥርሶች መካከል፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ ወደ 60 ኦም የሚጠጋ ተቃውሞ ከተለካ፣ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት «ካን» የተባለው የሽቦ መረብ ጤነኛ ነው፤ 120 ኦም ካሳየ ግን ከሁለቱ መቋቋሚያዎች አንዱ ወይም ወደ እርሱ የሚወስደው ሽቦ ተቋርጧል።

ደረጃ 2፦ የሞተበትን ምክንያት ማግኘት

ኮምፒውተሩ በእርግጥ ከተበላሸ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን አበላሸው የሚለው ነው። ሾርት የሠራ ቦቢና ወይም ኢንጀክተር፣ ከመጠን በላይ ቮልት የሚሰጥ ዲናሞ፣ በተቃራኒው የታሰረ ባትሪ፣ ከንፋስ መከላከያው መስታወት ሥር ሾልኮ የገባ ውኃ፣ ኮምፒውተሩ ሳይነቀል በመኪናው ላይ የተደረገ ብየዳ፣ እያንዳንዳቸው የአንድን ሣጥን ሕይወት ሊያጠፉ ይችላሉ። ምክንያቱ ሳይወገድ የታሰረ አዲስ ሣጥን በዚያው ቀን በዚያው መንገድ ሊቃጠል ይችላልና፣ ቦቢናዎቹና ኢንጀክተሮቹ በኦም ተለክተው ከአምራቹ ቁጥር ጋር ይነጻጸራሉ፤ የዲናሞው ቮልትም ከአዲሱ ሣጥን መታሰር በኋላ ወዲያውኑ እንዲለካ በሥራው ዝርዝር ላይ ይጻፋል።

ደረጃ 3፦ የሚገጥመውን ሣጥን መምረጥ

ሣጥኖች በመልክ ሊመሳሰሉ፣ በሶኬትም ሊገጥሙ ይችላሉ፤ የሚለያቸው ግን በላያቸው የተለጠፈው ቁጥር ነው። በቶዮታ የሞተር ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ቁጥር በአብዛኛው በ89661 ይጀምርና ቀጥሎ ያሉት አኃዞች ሞዴሉንና ዝርዝሩን ይለያሉ፤ ቦሽ በሠራቸው ሣጥኖች ላይ ደግሞ በ0261 የሚጀምረው የቤንዚን፣ በ0281 የሚጀምረው የናፍጣ ነው። የሚገዛው ሣጥን ቁጥር ከአሮጌው ጋር እስከ መጨረሻው አኃዝ መመሳሰል ይኖርበታል፤ አምራቹ ራሱ አንዱ ሌላውን እንደሚተካ ካላሳወቀ በስተቀር «ይቀራረባል» የሚለው የሻጭ ቃል አይበቃም። አንድ ዓይነት መኪና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሠራና ለአውሮፓ ሲሠራ፣ በእጅ ማርሽ ሲሆንና በአውቶማቲክ ሲሆን ኮምፒውተሩ ሊለያይ ይችላልና፣ ወደ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ገዢ አሮጌውን ሣጥን ወይም የተለጠፈበትን ቁጥር ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ይዞ መሄድ ይገባዋል።

ከሌላ መኪና የተፈታ ሣጥን ሲገዛ የሶኬቱ ጥርሶች አለመጣመማቸው፣ ሽፋኑ ተከፍቶ አለመታሸጉ፣ ውስጡም የአረንጓዴ ዝገት ምልክት የሌለው መሆኑ ይታያል። ከሻጩም ደረሰኝ ይወሰዳል፤ ሣጥኑ የሌላ መኪና የሻንሲ ቁጥር ይዞ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከየት እንደተገኘ የሚያስረዳ ወረቀት ገዢውን ከጥርጣሬ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 4፦ የአሮጌውን ትውስታ ማውጣት

ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ከአሮጌው ሣጥን ትውስታ የሚወጣባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ ኮምፒውተሩ ከስካነር ጋር መነጋገር ከቻለ በመኪናው መሰኪያ በኩል ይነበባል፤ መነጋገር ካቃተው ሣጥኑ ተፈትቶ በጠረጴዛ ላይ ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት በማንበቢያ መሣሪያ ይነበባል፤ ይህም ካልሆነ ሣጥኑ ተከፍቶ የኢኢፕሮም ቺፑ በቀጥታ ይነበባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያን እጅ የሚሹ ናቸው፤ በአግባቡ ያልተያዘ ካውያ ብቸኛውን ቅጂ ለዘለዓለም ሊያጠፋ ይችላልና ባለ መኪናው ይህን ለጀማሪ መስጠት የለበትም። በማንኛውም ጊዜ ሰሌዳውን የሚነካ ሰው በሰውነቱ ላይ የተጠራቀመው የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳይጎዳው አስቀድሞ ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት መንካት ወይም የእጅ ማሰሪያ ማድረግ አለበት።

የተነበበው ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ ተነብቦ አይታመንም። ሁለት ጊዜ ይነበብና ሁለቱ ፋይሎች በላፕቶፑ ላይ ይነጻጸራሉ፤ አንዲት ቁጥር እንኳ ከተለያየች ንባቡ ይደገማል። ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ወይም አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ የሞላበት ከሆነም ማኅደሩ አልተነበበም ወይም ጠፍቷል ማለት ነው። ትክክለኛው ፋይል በሻንሲ ቁጥሩና በቀኑ ተሰይሞ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በላፕቶፑና በፍላሽ ዲስክ ላይ፣ ይቀመጣል፤ አንዱ ቅጂም ለባለ መኪናው ይሰጣል፤ ትውስታው የመኪናው ንብረት ነውና።

የተመረጠው ሣጥን ከአሮጌው ጋር ፍጹም ተመሳሳይ ቁጥር ካለውና የአሮጌው ፋይል ከተገኘ፣ ከሁሉ የሚቀለው መንገድ «ክሎን» ማድረግ፣ ማለትም የአሮጌውን ትውስታ እንዳለ በአዲሱ ላይ መገልበጥ ነው፤ ያኔ መኪናው ሣጥኑ መለወጡን አያውቅም፣ ቁልፉም እንደ ወትሮው ይሠራል። የአሮጌው ትውስታ ከነጭራሹ ካልተገኘ ግን ሥራው በሚቀጥሉት ደረጃዎች በሙሉ ይከናወናል፤ በአንዳንድ መኪኖችም ፋይሉን ከአምራቹ የመረጃ ማዕከል በኢንተርኔት ማውረድ ግድ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ማዘጋጀት

በፕሮግራም ጽሕፈት ላይ ትልቁ ጠላት የቮልት መውረድ ነው። ፍላሹ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይጻፋል፤ በመካከል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ፣ ከስካነርም ጋር የማይነጋገር ሣጥን ይቀራል። ቁልፉ «ኦን» ላይ ሆኖ ሞተሩ ባልተነሣበት ጊዜ ባትሪው ያለማቋረጥ የሚደክም በመሆኑ፣ ጽሕፈቱ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ቢያንስ 12.5 ቮልት ሊኖረው፣ በሥራውም ጊዜ የተረጋጋ ቮልት በሚሰጥ ባትሪ ደጋፊ እስከ 13.5 ቮልት አካባቢ ሊያዝ ይገባል። ቮልቱ የሚዋልል ተራ ቻርጀር ለዚህ አይሆንም፤ ሞተሩ የሚሠራ ሌላ መኪና ላይ በገመድ መንጠልጠልም የዲናሞው መወዛወዝ ጽሕፈቱን ስለሚያውክ ይከለከላል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ፣ ሙሉ የተሞላ ሁለተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ተያይዞ አስቀድሞ ይደገፋል። እንደ ሲኖትራክ ያሉ ከባድ መኪኖች በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ደጋፊውም መሣሪያውም ለዚያ የተሠራ መሆን አለበት።

የፊት መብራት፣ ራዲዮና የአየር ማቀዝቀዣ ይጠፋሉ፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ የላፕቶፑ ቻርጅ ይሞላል፣ በራሱ የመተኛት ልማዱም ይቆማል፤ መሣሪያውና ላፕቶፑ በገመድ እንጂ በብሉቱዝ አይገናኙም።

ደረጃ 6፦ ሣጥኑን መለወጥ

ቁልፉ ጠፍቶ ከተነቀለ በኋላ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፤ ኤርባግ ባለበት መኪና ላይ በሥርዓቱ የቀረው ኃይል እንዲፈስ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ተኩል መጠበቅ ይገባል። ሶኬቱ የሚለቀቀው የመቆለፊያ ምላሱ ተነሥቶ እንጂ ሽቦው ተጎትቶ አይደለም። አዲሱ ሣጥን በአሮጌው ቦታ፣ በአሮጌው ብሎን፣ የኔጋቲቭ ማሰሪያውም ሳይረሳ ይታሰራል፤ ሶኬቱ ከመሰካቱ በፊት አቧራና እርጥበት ይጸዳል፣ የጎማ መከላከያውም በቦታው መኖሩ ይረጋገጣል፤ በመጨረሻም የባትሪው ኔጋቲቭ ተመልሶ ይታሰራል።

ደረጃ 7፦ መጻፍ

ጽሕፈቱ ከመጀመሩ በፊት የአዲሱ ሣጥን የራሱ ትውስታ፣ የሌላ መኪና ቢሆንም፣ ተነብቦ ይቀመጣል፤ ነገሩ ካልተሳካ ወደ መነሻው መመለሻው እርሱ ብቻ ነው። ከዚያ በቅደም ተከተል ዋናው ፕሮግራም፣ ቀጥሎ ካሊብሬሽኑ፣ በመጨረሻም የመኪናው መለያ ይጻፋሉ። መሣሪያው «ቼክሰም» የተባለውን፣ ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጥ የድምር ቁጥር፣ ትክክል ነው እስኪል ድረስ ቁልፉ አይነካም፣ በር አይከፈትም፣ ገመዱም አይነቀልም። ሥራው ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላልና፣ የመቁጠሪያው መስመር አንድ ቦታ ላይ ስለቆመ ብቻ ተስፋ ቆርጦ ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ጽሕፈቱ በራሱ ቢቋረጥም ባትሪው ሳይነቀል በመሣሪያው የማዳኛ ዘዴ ይደገማል።

የሚጻፈው የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይና በመኪናው ብረት ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ ከቁጥር 1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ይህን ማወቅ የአጻጻፍ ስሕተትን ለመያዝ ይረዳል። ከሊብሬው የተለየ ቁጥር መጻፍ ግን የስርቆት መሸፈኛ ተግባር ስለሆነ ማንም ባለሙያ እጁን ሊያስገባበት አይገባም።

ደረጃ 8፦ ቁልፉን ማስተዋወቅ

ኢሞቢላይዘር ማለት በቁልፉ እጀታ ውስጥ ባለ ትንሽ ቺፕና በኮምፒውተሩ መካከል የሚደረግ ምስጢራዊ መግባቢያ ሲሆን፣ ቺፑ ካልታወቀ ሞተሩ እንዳይነሣ ወይም ተነሥቶ ወዲያው እንዲጠፋ ያደርጋል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ይህ አላቸው። ሞተሩ ተነሥቶ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋ፣ በክሩስኮቱም ላይ የቁልፍ ምልክት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ችግሩ ነዳጅ ሳይሆን አለመተዋወቅ ነው።

የማስተዋወቁ ዘዴ በየአምራቹ ይለያያል፤ አንዳንዱ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል፣ አንዳንዱ የአምራቹን ስካነር ይሻል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ የጥገና መጽሐፉ የሚያዘው፣ ቁልፉ «ኦን» ሆኖ የባለ 16 ጥርሱን መሰኪያ 4ኛና 13ኛ ጥርሶች በቀጭን ሽቦ አገናኝቶ 30 ደቂቃ መቆየት ነው፤ ይህ ዘዴ ለዚያ ሞዴል መጻፉ ሳይረጋገጥ አይሞከርም፤ 16ኛው ጥርስ ሙሉ የባትሪ ኃይል የያዘ ስለሆነም ሽቦው በስሕተት እርሱን ከነካ ሾርት ይፈጠራል። ቁልፍ በአዲስ መልክ በሚመዘገብበት መኪና ላይ ሁሉም ቁልፎች በአንድ ጊዜ መቅረብ አለባቸው፤ በብዙ ሥርዓቶች ላይ በዚያ ሰዓት ያልቀረበ ቁልፍ ከመዝገቡ ይሰረዛልና።

ደረጃ 9፦ ልማዱን ማስተማር

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ኮምፒውተሩ የመኪናውን ጠባይ እንደገና ይማራል። የአየር መግቢያው በር ዝግ ቦታና የሞተሩ የዝቅተኛ ዙር ልክ በስካነር ወይም በአምራቹ በተጻፈው ቅደም ተከተል ይመዘገባሉ፤ ይህ ሲደረግ ሞተሩ ሙቀቱን ጨርሶ የያዘ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ የደረሰ፣ የኤሌክትሪክ ጭነቱም የጠፋ መሆን ይኖርበታል። በናፍጣ ኮመን ሬል ሞተሮች ላይ፣ ለምሳሌ በዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ፣ በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ራስ ላይ የተጻፈው ኮድ ከሲሊንደሩ ተራ ጋር ተዛምዶ መግባት አለበት፤ ሁለት ኮዶች ቢለዋወጡ ሞተሩ ይነሣል፣ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ያጨሳል፣ ውሎ አድሮም ፒስተኑ ሊጎዳ ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው መኪና ላይ የማርሽ አቀያየሩ ልማድም ተጠርጎ እንደገና ይጀመራል።

ደረጃ 10፦ በአዲስ አበባ ከፍታ መፈተሽ

የመጀመሪያው ፍተሻ የስሕተት ኮዶች ናቸው። የቆዩት ከተጠረጉ በኋላ ፒ0602 ቢመለስ የፕሮግራም ጽሕፈቱ አልተሟላም፤ ፒ0630 የሻንሲ ቁጥሩ አለመጻፉን ወይም አለመግጠሙን ይናገራል፤ ፒ0601 እና ፒ0605 የሣጥኑ ውስጣዊ ማኅደር ስሕተት እንዳለበት ያመለክታሉ፤ ዩ0100 ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት እንዳልቻሉ ያሳያል።

ሁለተኛው ፍተሻ የከተማዋን ከፍታ እንደ መለኪያ ይጠቀማል። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2300 ሜትርና ከዚያ በላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቁልፉ «ኦን» ሆኖ ሞተሩ ሳይነሣ በስካነሩ ላይ የአየር ግፊቱ ሲታይ በ75 እና በ78 ኪሎፓስካል መካከል ሊሆን ይገባል፤ 101 ካሳየ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ወይም የተጻፈው ካሊብሬሽን ለሴንሰሩ የተሠራ አይደለም፤ ሞተሩም ለባሕር ዳርቻ አየር የሚሆን ነዳጅ እየረጨ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውንም ያጠቁራል። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ባደረበት ጠዋት የማቀዝቀዣው ውኃና የገቢ አየሩ ሙቀት መቀራረባቸው ሁለቱ ሴንሰሮች በትክክል መነበባቸውን ያረጋግጣል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የነዳጅ ማስተካከያው መቶኛ በመደመርም በመቀነስም ከ10 በታች ከሆነ አዲሱ ትውስታና አሮጌው ሞተር ተስማምተዋል።

ሦስተኛው የመንገድ ፍተሻ ነው። ከቆሼ አካባቢ የሚነሣ መኪና በቀለበት መንገዱ ላይ በአንድ ልክ ፍጥነት፣ በሰፈር ውስጥ በመቆምና በመነሣት፣ ከዚያም እንደ እንጦጦ ባለ አቀበት ላይ በጭነት ይፈተናል፤ እንጦጦ አናት ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ እንደገና «ኦን» ሲደረግ የግፊቱ ንባብ ወደ 70 ኪሎፓስካል አካባቢ መውረዱም ኮምፒውተሩ ከፍታን እንደሚከተል ያሳያል። ከፍተሻው በኋላ ስካነሩ ዳግም ይሰካና፣ መብራት ሳያበሩ በመዝገብ ላይ የቆዩ ኮዶች መኖር አለመኖራቸው ይታያል።

ደረጃ 11፦ የአሮጌው ሣጥን ዕጣ

ሥራው ሲጠናቀቅ ለባለ መኪናው አንድ ገጽ ወረቀት ሊሰጠው ይገባል፤ በላዩም የአሮጌውና የአዲሱ ሣጥን ቁጥር፣ የተጻፈው ፋይል ስም፣ ሥራው የተሠራበት ቀንና የተመዘገቡት ቁልፎች ብዛት ይሰፍራል። አሮጌው ሣጥን መኪናው በደረቅም በዝናብም፣ በጠዋት ብርድም በቀትር ሙቀትም እስኪፈተን ድረስ መለያ ተለጥፎበት ይቀመጣል፤ የአዲሱ ሣጥን ትውስታ ቢበላሽ ወይም የጎደለ ነገር ቢገኝ መመለሻው በእርሱ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ሣጥኑ ከቤት ጥራጊ ጋር ሊቀላቀል አይገባውም። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እርሳስ ያለበት ብየዳ ሊይዝ ይችላል፤ በእሳት ሲቃጠልም የሚተነፍሰውን ሰው ይጎዳል፤ እነዚህን ነገሮች በባዶ እጁ የሚለየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርጫ ያላገኘ ድሃ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ከተማው ያለ ልዩነት የሚጥለው ነገር በመጨረሻ በማን ላይ እንደሚወድቅ በመሪር መንገድ ታይቷል። በ2010 ዓ.ም. በዚያው ቦታ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል፤ ነገር ግን እቶን ውስጥ ሊገባ የማይገባውን ለይቶ ማስቀረት የእያንዳንዱ ጋራዥና የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ነው። ጋራዡ የሞቱ ሰሌዳዎችን በአንድ ደረቅ ሣጥን ቢያጠራቅም ለጥገና ትምህርት፣ ለተፈታ ቺፕና ለመለዋወጫ ያገለግሉታል፤ የተረፈውንም የኤሌክትሮኒክስ ቅሪትን ለይቶ ለሚቀበል ሰብሳቢ ያስረክባል። ትውስታው ወደ አዲሱ ሣጥን የተሸጋገረለት መኪና መንገዱን ሲቀጥል፣ አሮጌው ሣጥን ቆሼ ላይ በሌላ ሰው እጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት እንዳይሆን ማድረግ የዚያው ሥራ የመጨረሻ ደረጃ ነው።